የጡት እብጠት፦ የፓቶሎጂ ውጤት «ለካንሰር አጠራጣሪ» ሲል ምን ይደረጋል? (ጅማ)

የቦሳ_እህት

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው። የ46 ዓመት ታላቅ እህቴ በግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ በሚጠጋው በኩል፣ የማያማት ጠጣር እብጠት ካገኘች ሰነባብታለች። አልትራሳውንድ ታየች፤ ቀጥሎም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ «ለካንሰር አጠራጣሪ» የሚል ሆኖ መጣ። ሐኪሟ ማንኛውም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ወፈር ባለ መርፌ ሌላ ናሙና መወሰድ አለበት ብለዋል። ቤተሰባችን ግን በዚህ ላይ ተከፋፍሏል። አጋሮ ያሉት አጎታችን «ብረት የነካው እብጠት ይሰራጫል፤ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ትቆይ፣ ከዚያ እንመክርበታለን» ይላሉ፤ እህቴም የእሳቸውን ቃል መጣስ ከብዷታል። እኔም መልስ ያጣሁለት ነገር አለ። መርፌ ገብቶ ሕዋስ ከተወሰደና በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ሁለተኛው መርፌስ ከመጀመሪያው የተለየ ምን ያሳያል? በሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ ለአጎታችን አንብቤ አሰማቸዋለሁ።

ፓቶሎጂስት_ጅማ

እህቴ፣ ለአጎትዎ ሲነበብ እንዲገባ አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

እኛ ኤፍ.ኤን.ኤ. የምንለው የመጀመሪያው ምርመራ የሚሠራበት መርፌ በክንድ ከሚወጉት ተራ መርፌ አይወፍርም፤ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 25 ጌጅ ነው (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል)። መርፌው እብጠቱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ ሕዋሳት ይገቡበታል፤ እነሱም ስላይድ ላይ ጠብ ተደርገው በሌላ ስላይድ ጠርዝ በስሱ ይዘረጋሉ፣ ይደርቃሉ፣ ቀለም ይነከራሉ። ገና ናሙናው ሲወሰድ እጃችን የሚነግረን ነገር አለ። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ እብጠት እንደ ጎማ ሆኖ ከመርፌው ፊት ይሸሻል፤ ብዙ የካንሰር እብጠቶች ግን ባሉበት ይጸናሉ፣ መርፌው ሲገባም አሸዋ ውስጥ እንደገባ ይንቋቋል። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ውጤት አይደለም።

ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲወጣ የፋይብሮአዴኖማ ሕዋሳት ተያይዘው እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ባላቸው ንጣፎች ይታያሉ፤ በመካከላቸው ሽፋናቸውን ያጡ፣ ሞላላ የሆኑ ትንንሽ ኒውክለሶች (የሕዋስ አስኳሎች) ተበትነው ይገኛሉ። የእነዚህ ትንንሽ ኒውክለሶች በብዛት መኖር የጡት ቱቦን ከውጭ የሚያቅፉት ማዮኤፒተሊያል ሕዋሳት በቦታቸው ስለመኖራቸው ምልክት ነው፤ ሲታዩ ልባችን ያርፋል። በካንሰር ጊዜ ግን ሕዋሳቱ መያያዛቸውን ትተው አንድ በአንድ ይበተናሉ፤ ኒውክለሳቸው ይተልቃል፣ ቅርጹ ይዛባል፤ ያ የማዮኤፒተሊያል ምልክትም ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ነው ችግሩ። ሕዋሱ ጥቂት ሲሆን፣ ደም ሲሸፍነው፣ ወይም ገሚሱ ምልክት ኖሮ ገሚሱ ሲጎድል «ካንሰር ነው» ብሎ መፈረም ጡት ሊያስቆርጥ፣ «አይደለም» ማለት ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህም ውጤቱ በ5 መደብ ይጻፋል፤ በቂ ያልሆነ፣ ካንሰር ያልሆነ፣ ያልተለመደ፣ አጠራጣሪ እና ካንሰር የሆነ። ይህ የዮኮሃማ ሥርዓት የሚባለው አከፋፈል ዓለም አቀፉ የሳይቶሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 በመጽሐፍ ያወጣው ነው። በዚያ መሠረት «ካንሰር ያልሆነ» ተብሎ ውሎ አድሮ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ1.4 እስከ 2.3 በመቶ ነው፤ «ያልተለመደ» ሲባል ከ13 እስከ 15.7 በመቶ፤ «አጠራጣሪ» ሲባል ግን ከ84.6 እስከ 97.1 በመቶ ይደርሳል። የእህትዎ ውጤት ያለው በዚህኛው መደብ ነው። «አጠራጣሪ» ማለት «ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል» ማለት እንዳልሆነ፣ ቡና እስኪለቀም የሚያስቆይም እንዳልሆነ ለአጎትዎ በአክብሮት ይንገሩልኝ።

ሁለተኛው፣ ኮር ባዮፕሲ የሚባለው፣ ቦታው ደንዝዞ ብዙውን ጊዜ በ14 ጌጅ መርፌ የሚወሰድ ክር መሳይ የሥጋ ቁራጭ ነው። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከማሳ የመጣ አንድ እፍኝ ቡና ፍሬው የታመመ መሆኑን ያሳያል፤ ዛፉ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ መግባቱን ግን አያሳይም። ካንሰር መሳይ ሕዋስ በጡት ቱቦ ውስጥ ታጥሮ ሊቀመጥ ይችላል፤ የቱቦውን ስስ ሽፋን ጥሶ ወደ ዙሪያው ሥጋም ሊገባ ይችላል። በኤፍ.ኤን.ኤ. ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ በኮር ባዮፕሲ ግን ቱቦው፣ አቃፊዎቹ ሕዋሳትና በዙሪያው ያለው ሥጋ እንደነበሩ ስለሚመጡ ይታያል። የካንሰሩ ዓይነት፣ ግሬዱ (ሕዋሱ ከጤነኛው የራቀበት መጠን)፣ ሕክምናውን የሚወስኑት የሆርሞን ተቀባዮችም (ሆርሞን የሚይዙ የሕዋሱ ፕሮቲኖች) የሚመረመሩት በአስተማማኝ ሁኔታ ከዚሁ ሥጋ ነው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን በተመለከተ፣ መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ጥቂት ሕዋሳት ተገፍተው ሊገኙ እንደሚችሉ ይታወቃል። ነገር ግን አብዛኞቹ በዚያው ይሞታሉ፤ ባዮፕሲ የተደረገላት ሴት በባዮፕሲው ምክንያት ዕድሜዋ እንደሚያጥርም አልታየም። ሰዎች «ከተነካ በኋላ ባሰበት» የሚሉት በአብዛኛው በሽታው ገፍቶ ሳለ ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። ሲቆይ የሚሆነውን ግን በግልጽ እናውቀዋለን፤ ከ2 ሴ.ሜ. ያልበለጠው እብጠት ከ5 ሴ.ሜ. ያልፋል፣ ወደ ብብት ንፍፊቶች ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የኮር ባዮፕሲው ውጤት «ካንሰር አልተገኘም» የሚል ቢሆንና አልትራሳውንዱም ኤፍ.ኤን.ኤ.ውም አጠራጣሪ ሆነው ሳለ ነገሩ በዚያ ተዘጋ አይባልም። መርፌው እብጠቱን ስቶ ሊሆን ይችላል። የሐኪሙ እጅ፣ ምስሉና ሥጋው አንድ ቃል እስኪናገሩ ድረስ ናሙናው መደገም ወይም እብጠቱ ወጥቶ መመርመር አለበት።

ቀዶ_ሐኪም_ምዕራብ

የዶክተርን ማብራሪያ እቀበላለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። ኮር ባዮፕሲ መሥራት እየቻልን ኤፍ.ኤን.ኤ.ን አስቀድመን ማዘዛችን ከቦንጋ ወይም ከቴፒ መንገድ አድርጋ የምትመጣን ሴት ሁለት ጊዜ ማንከራተት ነው። የመጀመሪያው «አጠራጣሪ» ይላል፤ ሁለተኛውን ስናዝዝ ለትራንስፖርትና ለአልጋ የያዘችው ገንዘብ ያለቀ ይሆናል፤ ሄዳ የምትቀር አለች። ካንሰር መሆኑን በእጄና በምስሉ ጠርጥሬ ሳለ በቀጥታ ወደ ኮር ባዮፕሲ ልሂድ ባይ ነኝ።

ፓቶሎጂስት_ጅማ

ለተጠረጠረ ካንሰር በቀጥታ ኮር ባዮፕሲ ይሠራ በሚለው ከእርስዎ ጋር ነኝ። ኤፍ.ኤን.ኤ. ይቅር በሚለው ግን አልስማማም። ወደ እኛ ክፍል የሚመጣው እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው የወጣት ሴቶች ፋይብሮአዴኖማ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ የመግል እጢ ወይም ከማጥባት ጋር የተያያዘ እብጠት ነው። ውኃ የቋጠረ ከረጢት መርፌ ሲገባበት ፈሳሹ ወጥቶ ወዲያው ይሟሽሻል፤ ፈሳሹ ጠርቶ ቢጫነት ካለውና እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ምርመራውም ሕክምናውም በአንድ መርፌ አለቀ ማለት ነው። ፈሳሹ ደም ካለበት ወይም እብጠቱ ከቀረ ግን ይላካል፣ ይመረመራል። የብብት ንፍፊትንም በቀጭን መርፌ ማየት ቀላል ነው። በዋጋው ርካሽ የሆነ፣ ስላይዱ ሴትዮዋ ሳትሄድ ሊታይ የሚችል ምርመራ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ገደቡን አውቆ መጠቀም ነው የሚያስፈልገው።

ገደቡ ደግሞ በሁለቱም በኩል ነው። ሎቡላር ካርሲኖማ የተባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ሕዋሱ ትንሽና ጥቂት ስለሆነ በኤፍ.ኤን.ኤ. ሊያመልጥ ይችላል፤ በተቃራኒው የነፍሰ ጡርና የአጥቢ እናት ጡት ሕዋስ በተፈጥሮው ስለሚተልቅና በቀላሉ ስለሚበታተን፣ ማጥባቷ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ወረቀቱ ላይ «የጡት እብጠት» ብቻ ጽፈው የሚልኩልን ባልደረቦች ይህንን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

የሰርቦ_አባት

የ19 ዓመት ልጄ ፋይብሮአዴኖማ ነው ተብላለች፤ አልትራሳውንዱም ያንኑ ይላል። እብጠቱ ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም። ወደ ካንሰር ይለወጣል ብለን ተጨንቀናል፤ ይውጣላት ወይስ ይተው?

ፓቶሎጂስት_ጅማ

አባቴ፣ እፎይ ይበሉ። በዚህ ዕድሜ በብዛት የምናየው እብጠት ይኸው ነው፤ ተራ ፋይብሮአዴኖማ ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የሐኪሙ እጅ፣ አልትራሳውንዱና መርፌው ከተስማሙ ሳይወጣ በክትትል ሊቆይ ይችላል። በፍጥነት ካደገ ግን ሳይዘገዩ ይመልሷት፤ ምክንያቱም ፊሎደስ የተባለ ሌላ እብጠት አለ፣ በቀጭን መርፌ ከፋይብሮአዴኖማ ለመለየት ያስቸግራል። ፊሎደስ ዙሪያው ሰፋ ተደርጎ ካልተቆረጠ መልሶ ሊያብጥ ይችላል፤ ካንሰር የሆነ ዓይነትም አለው።

ሐኪም_ሊሙ

የምሠራው ከከተማ ራቅ ባለ ሆስፒታል ነው። እኛ ዘንድ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚወጡ ትንንሽ የጡት እብጠቶች አሉ። ሲወጡ «ፋይብሮአዴኖማ ይመስላል» ይባልና ቤተሰብ የምርመራውን ወጪ ሲሰማ ናሙናው ሳይላክ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሚላከውም ቢሆን ጅማ ደርሶ «ናሙናው ተበላሽቷል» የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ አይተናል። የወጣ ሥጋ ሁሉ መላክ አለበት ወይ? አላላኩስ?

ላብ_ቴክኖሎጂስት_ሂርማታ

ናሙና ተቀብሎ የሚያዘጋጀው የእኔ እጅ ስለሆነ የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

ሥጋው ከሰውነት ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መበስበስ ይጀምራል፤ ከ1 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ 10 በመቶ የሆነውና አሲድነቱ በጨው የተስተካከለው ነው፤ ካልተበጠበጠው ዋናው ፈሳሽ 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ነው። መጠኑ የሥጋውን ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። በሳላይን፣ በውኃ ወይም በደረቅ ጎዝ ተጠቅልሎ የሚመጣ ናሙና ስንከፍተው ጠረኑ አስቀድሞ ይነግረናል፤ ማይክሮስኮፕ ላይም ኒውክለሱ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ የሚያጋጥመን ደግሞ ዕቃው ነው። ትልቅ ሥጋ ለስላሳ ሳለ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል፤ ፎርማሊን ሲያደርቀው ግን በጠርሙሱ አፍ አይወጣም። ጠርሙሱን በምላጭ ቀደን ስናወጣው ቅርጹ ተጨማዷል፤ ፎርማሊኑም በዙሪያው ቦታ ስላልነበረው ውስጡ አልደረሰም። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ወደ ሥጋ የሚዘልቀው። ስለዚህ አፉ ሰፊ የሆነ ክዳን ያለው ዕቃ ይያዝ፤ ሙሉ ጡት ከሆነ ደግሞ ከጀርባው በኩል ከግማሽ እስከ 1 ሴ.ሜ. በሆነ ርቀት ተሰንጥቆ በየስንጥቁ ጎዝ ይግባበት። የዓርብ ከሰዓት ቀዶ ሕክምና ናሙና ሳይሰነጠቅ እስከ ሰኞ ሲቀመጥ መሐሉ በስብሶ ይጠብቀናል፤ ካንሰሩ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መሐል ነው።

ወረቀቱ ላይ ሥጋው የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት ይጻፍ። ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውጭ ከሆነ መድኃኒት የሚጠቅማት ሴት «አይጠቅማትም» ተብላ ልትቀር ትችላለች። ቀኝ ወይም ግራ ጡት መሆኑ፣ ጡቱ እንደ ሰዓት ፊት ታስቦ እብጠቱ በየትኛው ቁጥር አቅጣጫ እንደነበረ፣ ዕድሜዋ፣ የምታጠባ መሆኗ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስዳ ከሆነም ይገለጽ። የተቆረጠው የጡት ክፋይ ከሆነ አቅጣጫውን በክር ያስሩልን፤ አጭር ክር ወደ ላይ፣ ረጅም ክር ወደ ውጭው ጎን ማለት የተለመደ ነው። ክር ከሌለው ካንሰሩ ጠርዝ ላይ ደርሷል ብንልዎ እንኳ የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ልንነግርዎ አንችልም።

ፓቶሎጂስት_ጅማ

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ከጡት የወጣ እብጠት ሁሉ ይላካል። ወጪው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተጣለ ሥጋ ተመልሶ አይገኝም። ከወራት በኋላ ብብቷ አብጦ ስትመጣ ያኔ የወጣው ምን እንደነበር የሚነግረን የለም። ገንዘብ ለጊዜው ቢቸግር እንኳ ሥጋው በፎርማሊን ይቀመጥ እንጂ አይጣል።

ሲስተር_ጅማ

በማጥባት ላይ ስላሉ እናቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ጡቷ ቀልቶና አብጦ የመጣች እናት «የጡት ቁስለት ነው» ተብላ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣታል፤ አልድን ሲል መድኃኒቱ ይቀየራል፣ ደግሞ ይቀየራል። ወደ ፓቶሎጂ መላክ ያለባት መቼ ነው?

ፓቶሎጂስት_ጅማ

ሲስተር፣ ይህን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የምንዘናጋበት ቦታ ይህ ነው። ተገቢውን ፀረ ባክቴሪያ ወስዳ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ያልተሻላት ሴት፣ የምታጠባም ብትሆን፣ አልትራሳውንድና ናሙና ያስፈልጋታል። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተቦረቦረና መቅላቱ ከተስፋፋ ኢንፍላማቶሪ ካርሲኖማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ካንሰር በእጅ የሚጨበጥ እብጠት ላይኖረው ይችላል፤ ባዮፕሲው ከቆዳውም ጭምር ሲወሰድ በቆዳ ሥር ባሉ የሊምፍ ቱቦዎች ውስጥ የተሰገሰጉ የካንሰር ሕዋሳት ሊታዩ ይችላሉ።

ሌላው ግራኑሎማ (በብግነት ጊዜ የሚከማቹ የመከላከያ ሕዋሳት ቋጠሮ) ያለበት የጡት ብግነት ነው። ከወለዱ ጥቂት ዓመታት ባለፋቸው ወጣት ሴቶች ላይ ይታያል፤ ጠጥሮና ቆዳውን ስቦ ካንሰርን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። በእኛ አገር ደግሞ ያው ምስል የጡት ቲቢ ሊሆን ይችላል። መንሥኤው የማይታወቀው ዓይነት ብግነትን በሚያበርድ ስቴሮይድ በሚባል መድኃኒት ይታከማል፤ ቲቢ ያለባት ሴት ግን ያለ ቲቢ መድኃኒት ስቴሮይድ ብቻ ከተሰጣት በሽታውን ማባባስ ይሆናል። ስለዚህ ግራኑሎማ ባየን ቁጥር የቲቢን ተሕዋስ የሚፈልጉትን የዚል ኒልሰን ቀለምና የጂን ኤክስፐርት ምርመራ እንጠይቃለን።

በባህል መድኃኒት ቆዳው ተቃጥሎ የቆሰለ ጡትም ይመጣል። ያን ጊዜ ናሙናው ከቁስሉ ጠርዝ ይወሰድ፤ ከመሐሉ የሚመጣው የሞተ ሥጋና መግል ብቻ ነው።

የቦሳ_እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩላቸው ጊዜ አጎታችን ዝም ብለው አዳምጠው «ከፍ ያለው ቁጥር የትኛው ነው ያልሽኝ?» አሉኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ኮር ባዮፕሲው ተሠርቶ ውጤቱ «ሰርጎ የገባ ካርሲኖማ፣ ልዩ ዓይነት ያልሆነ፣ ግሬድ 2፣ ነጥብ 7» ይላል። አልቅሰናል። ሕክምናዋ ሊጀመር ነው። ግሬድ 2 ማለት ወደ ሌላ አካል ሄዷል ማለት ነው? ደግሞስ ለሆርሞን ምርመራ አዲስ አበባ ውሰዱ የተባልነው «ብሎክ» ምንድን ነው?

ፓቶሎጂስት_ጅማ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። አጎትዎንም ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ግሬድ በሽታው የት እንደደረሰ አይናገርም፤ እሱን የሚናገረው ስቴጅ ነው፤ ስቴጁ የእብጠቱን መጠን፣ የብብት ንፍፊቶችንና የሌላውን አካል ምርመራ አይቶ ይወሰናል። ግሬድ ሕዋሱ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካበት ነው። 3 ነገሮችን እናያለን፤ ሕዋሳቱ አሁንም ቱቦ ይሠራሉ ወይ፣ ኒውክለሳቸው ምን ያህል ተዛብቷል፣ ስንቱስ በመከፋፈል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ነው። የእህትዎ በመካከለኛው ነው። «ልዩ ዓይነት ያልሆነ» የሚለውም አያስደንግጣችሁ፤ ከሰርጎ ገብ የጡት ካንሰሮች አብዛኛው በዚህ ስም የሚጠራ ነው።

የሆርሞን ምርመራው 3 ነገሮችን ይፈልጋል፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ኸር 2 የተባለ ፕሮቲን። ከካንሰሩ ሕዋሳት ቢያንስ 1 በመቶው በኒውክለሱ ላይ ለኢስትሮጅን ተቀባይ ቀለም ከያዘ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል፤ በ1 እና በ10 በመቶ መካከል ከሆነ «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። ፖዘቲቭ ከሆነች ታሞክሲፈንን የመሰለ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ለዓመታት ይጠቅማታል። ኸር 2 ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 3 ፖዘቲቭ ነው፤ 2 ከሆነ ግን ጂኑን በሚያይ ተጨማሪ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። «2 ነው» ተብሎ ያለ ተጨማሪ ምርመራ መልስ ከተሰጣችሁ ጠይቁ።

ብሎክ ማለት የእህትዎ ሥጋ በሰም ውስጥ የተቀበረበት ትንሽ የፕላስቲክ ካሴት ነው። ስላይዶቹ የሚቆረጡት ከእሱ ነው፤ ውፍረታቸው 4 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ከመረከብዎ በፊት ያስተያዩ፤ የሪፖርቱን ኮፒም አብረው ይያዙ። ሰሙ በሙቀት ስለሚለሰልስ መኪና ውስጥ ፀሐይ በሚመታው ቦታ አታስቀምጡት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ምርመራው ሲያልቅ ብሎኩን ተቀብላችሁ ለሰጣችሁ ክፍል መልሱ፤ ወደፊት ሌላ ምርመራ ቢያስፈልግ ከዚያው ይቆረጣል።

ሕክምናው በኬሞ እንዲጀመር ከተወሰነ ደግሞ፣ ከመጀመሩ በፊት እብጠቱ ያለበት ቦታ ምልክት እንዲደረግበትና የብብቷ ንፍፊት በአልትራሳውንድ ታይቶ የሚያጠራጥር ካለ በመርፌ እንዲመረመር ሐኪሟን ጠይቁ። ኬሞው እብጠቱን ካጠፋው በኋላ የት እንደነበረ ለማግኘት እኛም ቀዶ ሐኪሙም እንቸገራለን።

የቦሳ_እህት

ሪፖርቱንና ብሎኩን ዛሬ ተረክበናል፤ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው። የብብቷ አልትራሳውንድም ታዟል። አጎታችን ብሎኩን በእጃቸው ይዘው ነገ በጠዋቱ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።